ሦስት ሳምንት የጎደለው ትምህርት

ጡረታ ወጣሁ ስል የሰማ ሁሉ «እሰይ፣ እንኳን አረፍሽ!» ይለኛል። ከምኑ ነው ያረፍኩት? ዕድሜዬን ሙሉ ላም ስከተል ነው የኖርኩት፤ ላም ደግሞ አታደክምም። የሚያደክመው የላም ባለቤት ነው፣ ከባለቤቱም ይልቅ ሪፖርት። ከሪፖርቱ ማረፌን አልክድም፣ እሱስ ተመስገን ነው።

ዘነበች እባላለሁ። በሥራ ዘመኔ በስሜ የጠራኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሳጥን አንጠልጥሎ በረት የሚገባ ሰው በኛ ሰፈር ዶክተር ነው፤ አለቀ። «እኔ የወተት ላም እርባታ ባለሙያ ነኝ፣ አዳቅላለሁ፣ ስለ መኖና ስለ አያያዝ አስተምራለሁ፣ ሐኪም አይደለሁም» እያልኩ ብዙ ዓመት ተከራከርኩ። «እሺ ዶክተር» ይሉኛል። በመጨረሻ ሰልችቶኝ ተውኩት።

ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። ሁለት ወረዳ ዞሬያለሁ፤ በአንዱ በቅሎ ነበረኝ፣ በሌላው በቅሎም አልነበረኝም። ስለ ደመወዙ አትጠይቁኝ። ወደ የካ ስዛወር ጓደኞቼ ከልባቸው ሳቁብኝ። «ከተማ ውስጥ ምን ላም አለና ነው? አስፋልት ልታልቢ ነው?» አሉኝ። ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ወሰን የሚሄድ ሰው በዚያ ሁሉ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ስንት ላም እንደሚያመሰኳ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከጋራዡ ቀጥሎ በረት አለ። ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ በረት አለ። ወደ የካ ሚካኤል ሽቅብ ሲወጡ፣ ባሕር ዛፉም ሲጀምር፣ ገብስና ድንች የሚዘሩ፣ አንድ ሁለት ላም ያላቸው ሰዎች አሉ። እኔ እነዚያን ሁሉ በእግሬ አዳረስኳቸው፤ ጉልበቴ ዛሬም ምስክር ነው።

ሥራውን እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። እኔ ስመደብ እሳቸው እዚያው ሸምግለዋል። አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን ለሰው እንጂ ለከብት አይደለም። በረት ሲደርሱ ዘው ብለው አይገቡም። በሩ ላይ ቆመው ላሟ አንገቷን አዙራ እስክታያቸው ይጠብቃሉ፣ ስሟን ጠርተው ሰላም ይሏታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለባለቤቱ «እንደምን አደሩ» የሚሉት። የእንጦጦ የጠዋት ብርድ ጣት ያደርቃል፤ ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው እስኪሞቅ ድረስ ጡት አይነኩም። «አንቺን በበረዶ እጅ ቢነኩሽ ደስ ይልሻል?» ይሉኛል። የሄድንበት ቤት ሁሉ ትኩስ ወተት ያቀርብልናል፤ እሳቸው ሥራው ሳያልቅ አይቀምሱም። ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ «ወተታቸውን ከጠጣሁ በኋላ ቁጣ እንቢ ይለኛል፤ ሳልቆጣ ደግሞ አልሄድም» አሉኝ።

ትልቁ ጠባያቸው ግን ሌላ ነው። ያስተማሩትን ነገር ሰውየው በገዛ እጁ ሠርቶ ካላሳያቸው ከግቢው ንቅንቅ አይሉም። አንድ ጊዜ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ቤት ሄድን። ላማቸው ጡቷ እየታመመ አስቸግሯቸዋል። ጋሽ ታፈሰ ጡቱን በለብ ያለ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ጨርቅ ላይ አልበው መርጋት አለመርጋቱን አሳዩአቸው። ሻለቃው ቆመው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አሉ።

«መግባቱን አላልኩም። እስኪ ይለቡ።»

«እኔ? ለዚህ እኮ ሠራተኛ አለኝ።»

«ሠራተኛዎን ነገ አያለሁ። ዛሬ እርስዎን ነው።»

ሻለቃው ተቆጡ፣ ተጎማለሉ፣ ማዕረጋቸውን ሁሉ ቆጠሩ። ጋሽ ታፈሰ ዱካ ስበው ቁጭ አሉ። እኔ ሌላ አራት ቤት ቀጠሮ አለን እያልኩ በዓይኔ እለማመጣለሁ። ወደ ምሳ ሰዓት ሻለቃው እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ፤ ላሟም እግራቸውን ረገጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ያንን ጡት እንደሳቸው አድርጎ የሚያጥብ ሰው አላየሁም። ጋሽ ታፈሰ ይህን የስልክ ትምህርት የሚባለውን ነገር ሳያዩ ነው ያረፉት፤ ነፍሳቸውን ይማር።

በኋላ «ዘላቂ የወተት እርባታ» የሚል ቃል በደብዳቤ መጣልን። ሥልጠና ሰጡን፣ ፋይል ሰጡን። እኔ የገባኝ በአጭሩ ላሟም፣ ባለቤቷም፣ ጎረቤቱም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው እንዲገኙ ማድረግ ነው። ወሰን ውስጥ በአንድ በረት ፍግ የተነሳ ሁለት ጎረቤቶች፣ ባለ ላሙና አንዲት ሴት፣ ሦስት ዓመት ተካሰዋል። ፍጉ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሴትየዋ በር ይወርዳል። ባለ ላሙን ለምነን፣ ተቆጥተን፣ ጉድጓድ አስቆፍረን ፍጉን ወደ ማብሰያ ጋዝ የሚለውጥ ባዮጋዝ አስገባንለት። ሴትየዋ መጀመሪያ «ደግሞ ሊያፈነዱኝ ነው» ብላ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። በዓመቱ መጥታ ምን አለችኝ? «ዶክተር፣ ያንን ቧንቧ ወደኔ ወጥ ቤት ትንሽ ሳብ ብታደርጉልኝስ?» ይቺን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ።

የመጨረሻው አለቃዬ ሄኖክ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ቀልጣፋ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ቁጥር ግን ይወዳል። አንድ ቀን ሰብስቦን «ቤት ለቤት መዞር አይበቃም፤ ከእንግዲህ በኦንላይን እናስተምራለን» አለ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ ተባለ፤ ቀረጻውንና ኤዲቱን የምትሠራ ሜሮን የምትባል ባለሙያ ተመደበችልኝ። ሜሮን ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ላምን የምታውቀው ከሩቅ ነው። ለካሜራ ግን ዓይን አላት። መጀመሪያ ቀን ጋዋኔን ለብሼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንደሚታወቀው የእንስሳት ሀብት ለአገራችን ኢኮኖሚ» ብዬ ጀመርኩ። ካሜራውን ዝቅ አደረገችው።

«እትዬ ዘነቡ፣ ለማን ነው የሚያወሩት?»

«ለካሜራው ነዋ!»

«ካሜራው እኮ ላም የለውም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳት። የሚሰማን ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ባለ ላሞቹ የሚሰሙት ሲያልቡ ነው፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነው፣ ስክሪን አያዩም። ለነሱ በስልክ በከፈትነው ግሩፕ በድምፅ እናገራለሁ፤ ዋናውን ነገር ሁለት ጊዜ እደግማለሁ። የላም ሠራተኞቹ ደግሞ ብዙዎቹ ከደቡብ የመጡ ናቸው፣ አማርኛን እዚሁ ነው የለመዱት፤ እነሱ ወሬ አይፈልጉም፣ እጅዎን ብቻ ያሳዩን ይላሉ። ወሰን የሚሠራ ሸምሱ የሚባል ሰው «ዶክተር፣ ገመዱን እንደዛ ካሰሩት እኮ ላሟ ትታነቃለች» ብሎ አርሞኛል፤ እውነቱን ነበር። ሦስተኞቹ ወተት ገዢዎችና ተማሪዎች ናቸው። ለነሱ አጭር፣ ከሙዚቃ ጋር፣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ቪዲዮ ይሠራላቸዋል። ወተቱ ለምን ቀጠነ፣ ፍጉ የት ይሄዳል፣ ላሟ ምን ትበላለች፣ ይኼ ሁሉ ይጠየቃል። በስተርጅና እንደዚህ ያለ ነገር ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ሁዳዴ ሲገባ የየካ ባለ ላም ይጨነቃል። ሰዉ ይጾማል፣ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። ወተቱ ገዢ ያጣል። አንዳንዱ ቅቤ ያወጣዋል፣ አንዳንዱ በርካሽ ይሰጠዋል፣ ወጪውን ለመቀነስ ግን ሁሉም መጀመሪያ የሚነካው መኖውን ነው፤ ፉርሽካውን ይቀንሳል፣ ፋጉሎውን ይተዋል፣ ላሟን ደረቅ ገለባ ላይ ይጥላታል። ፋሲካ ሲደርስና ገዢው ሲመለስ ላሟ አጥንቷ ወጥቷል፤ የምትሰጠው የለም። እኔ ለዚህ መላ የማስተምረው ገለባ በዩሪያ ማከምን ነው። ማዳበሪያው በውሃ ይሟሟል፣ ገለባው ላይ ይረጫል፣ በላስቲክ ታፍኖ ይቀመጣል። ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ታፍኖ ሲከፈት ገለባው ለስልሶ ጥሩ መኖ ይሆናል። ሦስት ሳምንቱን ያልጠበቀ ግን ላሙን መርዝ ነው የሚያበላት።

ለባለ ላሞቹ ረጅሙን ትምህርት ሠራን፤ ሁሉም ነገር አለበት። ሜሮን ከሱ ላይ ቆርጣ ለወተት ገዢዎቹ አንድ አጭር አወጣች፣ «ገለባ እንዴት ወተት ይሆናል» የሚል። አምጥታ አሳየችኝ። እኔ ማዳበሪያውን ውሃ ውስጥ አሟሟለሁ፣ ገለባው ላይ እረጫለሁ፣ ሙዚቃ ይመጣል፣ በዓይን ጥቅሻ ላም ስትበላ ትታያለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እስቃለሁ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ከታች ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ድምፄ ተቆርጧል። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ውይ ሜሮንዬ፣ እንዴት አድርገሽ አሳመርሽኝ!» አልኩ። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያየሁት ራሴን ነው። «ይለፍ» ብዬ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ።

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በአንዲት ላም ነው፤ ስሟ መልካሜ። መልካሜን እናቷ ውስጥ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ ስትወለድም በጉልበቴ ተንበርክኬ ስቤያታለሁ። ብቸኛ ላም ናት፤ ወተቷ የእትዬ አስካለ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃቸው ያንን አጭር ቪዲዮ አይታ «እማዬ፣ ዶክተርሽን እያት፣ እንዴት እንዳማረባት!» ብላ ላከችላቸው። ረጅሙ በእሳቸው ስልክ እንቢ ብሎ ነበር፤ አጭሩ ቶሎ ከፈተ።

ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ዶክተር፣ መልካሜ እየተንቀጠቀጠች ነው። አረፋ ትደፍቃለች። ሆዷ ተነፍቷል።»

«ምን በላች?»

«ያሳዩንን ገለባ።»

«መቼ ነው የረጩት?»

«ትናንት ማታ።»

ክው አልኩ። «አቼቶ! መርዙን ያበርዳል፣ ካለ ሱቅ ሁሉ አቼቶ ይሰብስቡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አድርገው ያጠጧት፣ መጣሁ» ብዬ የእንስሳት ሐኪሙን ጠርቼ ወጣሁ። የመገናኛ መንገድ እንደልማዱ ተዘግቷል። ከታክሲው ወርደን በእግራችን ሮጥን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀድሞኝ ደረሰ። እኔ ስደርስ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተቀምጠው የመልካሜን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡና «እንዳሳዩኝ ነው ያደረግኩት። ይኸው ይዩት» ብለው ከፈቱልኝ። ሙዚቃው ጀመረ። እኔ እረጫለሁ፣ ላም ትበላለች፣ እኔ እስቃለሁ። እዚያች የሞተች ላም አጠገብ ቆሜ የራሴን ፈገግታ አየሁ።

ያኔ የተናገርኩትን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ልጻፈው። «እትዬ አስካለ፣ ከታች ተጽፎ ነበር እኮ» አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔ ጽሑፉን አላየሁም፤ እርስዎን ነው ያየሁት» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቢሮ ስንሰበሰብ ሜሮን ስታለቅስ ዓይኗ ጠፍቷል። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» ትላለች። «አንቺ ስለ ገለባ ምን ታውቂያለሽ? ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ሄኖክ በሩን ዘጋና ድምፁን ቀነሰ። «ቪዲዮውን አጥፍተነዋል። ሴትየዋ አልከሰሱም። እትዬ ዘነበች፣ ጡረታዎ ሦስት ወር ነው የቀረው፤ ለምን ራስዎን ያጋልጣሉ? ዝም እንበል» አለ። ለኔ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ቪዲዮ ከኛ ቻናል ጠፋ እንጂ ከሰዉ ስልክ መች ጠፋ? ስንት ሰው ለእናቱ ልኮታል? ደግሞም አንድ ነገር ውስጤን በላኝ። ጋሽ ታፈሰ አንድ ሰው ሠርቶ ካላሳያቸው ከግቢ አይወጡም ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሺህ ሰው አስተምሬያለሁ ብዬ እየኮራሁ አንዱንም ሰው «እስኪ ያሳዩኝ» ብዬ አላውቅም።

እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። «ዛሬ አልችልም» ብለው ከውስጥ መለሱኝ። በሳምንቱ ደግሜ ሄድኩ፣ አስገቡኝ። ተቀምጬ ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁት። «አጥፍቻለሁ። ተጽፏል ያልኩት ደግሞ ከጥፋቱ የባሰ ነውር ነው። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። መልስ ሳልጠብቅ ቀጠልኩ፤ «ካሜራ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት» አልኩ። እሳቸው ግን አልተስማሙም፤

«እርስዎ ቆመው አጠፋሁ ቢሉ ሰው ያዝንልዎታል። እንባዎን አይቶ ይሄዳል። የሞተችው የኔ ላም ናት፣ እኔ ነኝ የምናገረው» አሉ።

ሜሮን መጥታ ቀረጸቻቸው። ሙዚቃ የለም፣ ቆረጣ የለም። ባዶው በረት ውስጥ ቆመው በምን እንደረጩ፣ መቼ እንደረጩ፣ መቼ እንዳበሉ፣ መልካሜ እንዴት እንደወደቀች አንድ በአንድ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ቀጥ ብለው አይተው፣ «ሦስት ሳምንት አልጠበቅሁም፤ የነገረኝ የለም። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል» አሉ። 

ሄኖክ ቪዲዮው እሱ ሳይጠየቅ በመለቀቁ ተናደደ፤ ፋይሌ ውስጥ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገባ። ይግባ። በዚያው ቀን ግሩፑ ውስጥ የሸምሱ ድምፅ መጣ። «ዶክተር፣ እኔም ያንን አጭሩን አይቼ ትናንት ረጭቼ ነበር። ዛሬ ልሰጣቸው ነበር፣ አራት ላም ነው። አቁሜያለሁ፤ አፍኜዋለሁ» አለ። መልእክቱን ደጋግሜ ሰማሁት። ለእትዬ አስካለም ወስጄ አሰማኋቸው፤ «ይድገሙት» እንደሚል ሰው በእጃቸው አመለከቱኝ።

ከፋሲካ በኋላ የሸምሱ አሠሪ አንድ ሐሳብ ላከልን፤ ሰውየው ላሞቹ የተረፉት በእትዬ አስካለ ቪዲዮ ነው ብሎ ያምናል። እርጉዝ ጊደር አለችኝ፣ እትዬ አስካለ ወስደው ያርቧት፣ ወተቱ የእሳቸው፣ ጥጃውን በጋራ እናሳድጋለን አለ። እኔ በደስታ በርሬ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ግን እንቢ አሉ።

«እጄን ፈራሁት» አሉኝ። «በዚህ እጄ ነው ያበላኋት። ሌላ ከብት በዚህ እጄ መንካት አልችልም።»

ብለምን፣ ባስለምን አልሆነም። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል ራሳቸው ጀመሩት። «መጀመሪያ ገለባውን ልሥራው፤ በትክክል። ገለባው ከተሳካልኝ ያኔ ስለ ጊደሯ እናወራለን» አሉ። ሜሮንን ይዤ መጣሁ። ጓሮ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ላስቲክ ተነጠፈ። ሁሉንም በገዛ እጃቸው ሠሩት፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ረጩ፣ ጠቀጠቁ፣ ላስቲኩን ሸፈኑ፣ ዙሪያውን በጭቃ መረጉ፣ ድንጋይ ጫኑበት። ሜሮን «ይኼንን በአንድ ቪዲዮ አናደርገውም» አለች። «ታዲያ?» አልኳት። «ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ሦስት ሳምንት ይፍጅ። በየቀኑ አንድ መልእክት፤ ቆረጣ የለም» አለች። ይቺን ልጅ መውደዴ ያለ ነገር አይደለም።

እትዬ አስካለ በየማለዳው ለግሩፑ በድምፃቸው ይናገሩ ጀመር። «አራተኛ ቀን ነው። አልተከፈተም።» «ሰባተኛ ቀን ነው። ማታ ዘንቧል፣ ላስቲኩ ደኅና ነው፣ አልተከፈተም።» መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ መጠበቅ ጀመረ። ባለ ላሞቹም፣ ሠራተኞቹም፣ ወተት ገዢዎቹም አንድ ጉድጓድ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። «እትዬ፣ ትንሽ ገለጥ አድርገው አይዩትም?» ሲል አንዱ፣ «ጉድ ፈላ! ምን የቸኮለ ሰው ነው!» ብለው ግሩፑን በሙሉ አሳቁ። የኔ የሽኝት ቀን አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ዋለ። ኬክ ተቆረጠ፣ ጋቢ ተሰጠኝ፣ ሄኖክ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስለ ደብዳቤው አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም፣ ተቃቅፈን ተለያየን።

ሃያ አንዱ ቀን ሞልቶ ሊከፈት ሲሆን ሜሮን ሌላ ሥራ ተልካ ነበር። እኔ ጡረተኛዋ የራሴን ስልክ ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። ሸምሱ ጊደሯን ከወሰን በእግር ነድቶ አምጥቷታል፤ በር ላይ አስሯት ላቡን ይጠርጋል። እትዬ አስካለ ድንጋዩን አነሱ፣ ላስቲኩን ገለጡ። ሽታው ፊታችንን መታን፤ ዓይናችን እንባ ሞላ።

«ሽታው ነው» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «እኔስ መልካሜን ነው የማለቅሰው።»

እኔም አቅፌያቸው አለቀስኩ። ሸምሱ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ።

ገለባው ቢጫ ሆኖ ለስልሷል። ሽታው እስኪወጣ ዘርግተን አናፈስነው። እትዬ አስካለ ትንሽ ጭብጥ አድርገው ወደ ጊደሯ ሄደው ዘረጉላት። ጊደሯ አሸተተችና ፊቷን መለሰች። እትዬ አስካለ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። «አዲስ ነገር ስለሆነባት ነው፣ ይጠብቁ» አልኳቸው። ቆሙ። እጃቸውን ሳያጥፉ ቆሙ። ጊደሯ ዳግመኛ አሸተተች፣ አንዲት ቁንጣሪ ሳበች፣ አኘከች፣ ከዚያ ጭብጡን ሙሉ ከእጃቸው ላይ ጨረሰችው።

ሁሉንም ቀርጬዋለሁ። ምስሉ ወዲያ ወዲህ ይላል። ግሩፑ ውስጥ «ተከፈተ ወይ? በላች ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደ ጉድ ይዘንባል። ልልከው ጣቴን ሳነሳ እትዬ አስካለ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«አይላኩ። መብላቷን ነው ያየነው፤ መልካሜም በልታ ነበር። ነገ ጠዋት በእግሯ ከቆመች ያኔ ይልካሉ።»

ቤቴ ገብቼ ለግሩፑ «ነገ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ፤ ጡረተኛ ሆኜም ስድብ ቀመስኩ። ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ አስካለን ስም ሳይ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው ያነሳሁት። ከጀርባቸው ትልቅ፣ የተራበ የከብት ጩኸት ሰማሁ።

«ትሰሚያታለሽ?» አሉኝ። «ቆማ ገለባ አምጪ እያለችኝ ነው። አሁን ላኪው።»